በሁለት ስም የታከመ ልብ

የሐሞት ጠጠር እንዳለብኝ የታወቀው አራት ጊዜ ለታይፎይድ ከታከምኩ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በከተማችን በመካነ ሰላም ሆዱን ይዞ ክሊኒክ ለሚገባ ሰው የሚሰጡት የበሽታ ስሞች ሦስት ነበሩ፦ ጨጓራ፣ ታይፎይድና ጃርዲያ። ሦስቱንም ተራ በተራ ተብያለሁ። አንዱ ክሊኒክ በርበሬ ከለከለኝ፤ ሌላው ወተት፤ ሦስተኛው ጥሬ ነገር ሁሉ። ሁሉንም ብታዘዝ ኖሮ የሚተርፈኝ የአጃ ሾርባ ብቻ ነበር። ሥቃዩ ግን ከቀኝ ጎድኔ ሥር እየተነሣ እስከ ትከሻዬ ይወጣ ነበር፤ በተለይ ቅባት የበዛበት ወጥ ከበላሁ በኋላ። ይህን ለመረመረኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ሁሉም በጥሞና አዳመጡኝና ታይፎይድ ብለው ጻፉ።

ይህን የምጽፈው ግን ሐኪሞችን ለማማት አይደለም። ሐኪም ማማት ቀላል ነው፤ እኔም ለዓመታት ተለማምጄዋለሁ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ስሕተቱን ዛሬም እየሠራ ያለ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ወደ ኋላ ልመለስ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን በንባብና መጽሔቶች ላይ በሚወጡ መጣጥፎች አሳልፋለሁ። ባለቤቴ የሞተችው የሐሞቱ ሕመም ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ “ሳንባዋ ነው” አለ። እኔም ሳንባዋ ነው አልኩ። አርባዋ ሲወጣ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ደሴ ሄጄ ደሜን ተመረመርኩ። ኤች አይ ቪ ነበረብኝ።

ለምን ደሴ? በእኛ አገር ይህን ሕመም በሰፈሩ የሚታከም አልነበረም። የከላላው ሰው በቅሎውን መካነ ሰላም አሳድሮ፣ ከመካነ ሰላሙ ሰው ጋር በአንድ አውቶቡስ ደሴ ይገባል። የደሴው ሰው ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ወልድያ ይሄዳል። ሁሉም ከራሱ ጎረቤት ሸሽቶ የሌላው ጎረቤት ጋ ይሰለፋል። በዚህም አያበቃም፤ ካርድ ክፍል ሲደርስ ስሙን ይቀይራል። እኔም ስም ስጠየቅ አፌ ላይ የመጣው የእናቴ አባት ስም ነበር። እናቴ ክርስቲያን የሆነችው ስታገባ ነው፤ ይህ በወሎ ማንንም አያስገርምም። “ሰይድ አሊ” አልኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና ሳትል ጻፈች።

እናም ዳምጠው፣ ማለትም በእውነተኛ ስሜ እኔ፣ በመካነ ሰላም ያስተምራል፤ ሰይድ በደሴ መድኃኒት ይወስዳል። በየወሩ ለመጥፋቴ ምክንያት መፈለግ አላስቸገረኝም። መንግሥት ሠራተኛውን ሁሉ ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ለውጥ የሚያሠለጥንበት ጊዜ ስለነበር “ስልጠና አለብኝ” ያለን ሰው የት ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ክኒኖቹን የምደብቀው ከቀድሞው መንግሥት በተረፉኝ ወፋፍራም የርዕዮተ ዓለም መጻሕፍት ጀርባ ነበር። እነሱን የሚነካ ሰው እንደማይኖር እርግጠኛ ነበርኩ።

በክሊኒኩ የምትከታተለኝ ሲስተር ራሕመት የምትባል ነርስ ናት። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን አስጨንቆኝ ነበር። ረመዳን ሲገባ ጠራችኝና “ጋሽ ሰይድ፣ አንዱን ሱሑር ላይ፣ አንዱን ማፍጠሪያ ላይ ያድርጉት፤ ጾሙም አይፈርስም፣ መድኃኒቱም አይዛነፍም” አለችኝ። አመሰገንኳት። ሑዳዴ ሲገባ ግን እንደምጾም ልነግራት አልቻልኩም።

በዚያ መጠበቂያ ክፍል አንድ ቀን የከተማችንን የጨርቅ ነጋዴ አየሁት። እንድሪስ ብዬ ልጥራው፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ በክሊኒኩ የተመዘገበበትም አይደለም፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ያያል። የካርድ ክፍሏ ልጅ በሩን ከፍታ “ገብረ ሥላሴ!” ብላ ተጣራች። ሐጅ አድርጎ የመጣው ሰውዬ ተነሥቶ ገባ። ቀጥላ “ሰይድ አሊ!” አለች። እኔ ተነሣሁ። በር ላይ ተላለፍን። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አልተዋወቅንም፤ መካነ ሰላም ስንመለስ ደግሞ በሱቁ ደጅ ሳልፍ “መምህር፣ ስልጠናው እንዴት ነበር?” ይለኝ ነበር።

ክሊኒኩ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን ወጥቼ ባለከለክኩ ቁጥር ሲስተር ራሕመት ታየኝ ነበር። ተቆጥታ ወደ ሐኪሙ ላከችኝ፤ ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና ወደ ልብ አልትራሳውንድ ላከኝ። ከአራቱ የልቤ በሮች አንዱ ጠቦ ተገኘ። በልጅነቴ ደጋግሞ ያመመኝ ቶንሲል ያስከተለው ጉዳት ነው አለ፤ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም። ልብ የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘልኝና እንዲህ አለ፦ “ሰይድ፣ ማንም ቀዶ ጥገና ሊያደርግልዎ ቢነሣ፣ ጥርስዎን ሊነቅል እንኳ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ይህን ይንገሩት።” በካርዱ ላይም በቀይ እስክርቢቶ ጻፈው። የልቡን ክኒን አንድ ወር ወስጄ ተውኩት። አንድ ሰው በቀን ስንት ክኒን መደበቅ ይችላል?

አሁን ወደ ሐሞቱ እንመለስ። በአራተኛው ታይፎይድ ማግስት ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ይህን ማንም ታይፎይድ ነው ሊል አልደፈረም። የመካነ ሰላሙ ጤና ጣቢያ በዳምጠው ስም ደብዳቤ ጽፎ ደሴ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ላከኝ፤ ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝም ልታስታምመኝ አብራኝ መጣች። አልትራሳውንዱ የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር እንደሞላው አሳየ። ከሳምንት በኋላ ቢጫው ሲለቀኝ የቀዶ ጥገና ተራ ተሰጠኝ።

በዋዜማው የማደንዘዣ ባለሙያው መጣ። ወንድወሰን ይባላል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄው የማያልቅ ወጣት። ደረቴን ሲያዳምጥ ከመስኮቱ ሥር ጄኔሬተር ይጮህ ነበር። ፊቱን ቋጠረ።

“ትንሽ ድምፅ ያለ ይመስለኛል። ልብዎን ታመው ያውቃሉ?”

“የለም።”

“በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?”

“በአንድ።”

“ምን ይዋሻል!” አለች እትዬ አልማዝ ከአልጋው ግርጌ። “በሦስት ነው። ተጋድሞማ አይተኛም፤ እንደ ሹም ተቀምጦ ነው የሚያድረው።”

“ስለማነብ ነው” አልኩ።

ወንድወሰን ሁለታችንንም አየን። “ቋሚ መድኃኒት ይወስዳሉ?”

ክኒኖቹ በዚያች ሰዓት ካልሲዬ ውስጥ ነበሩ። “አልወስድም።”

“እሱ የክኒን ጠላት ነው!” ስትል እህቴ አገዘችኝ። “ራሱን ሲያመው እንኳ ጋዜጣ ነው የሚያነብበት።”

የደም ምርመራም እንዳደርግ ጠየቁኝ። “በቅርቡ ተመርምሬያለሁ፤ ነፃ ነኝ” አልኩ። ግማሹ እውነት ነበር፤ ተመርምሬያለሁ። ትምህርት ቤታችን መምህራን በአርአያነት ደማቸውን እንዲመረመሩ ባዘጋጀው ቀን ተሰልፌ፣ የማውቀውን ውጤት እንደ አዲስ ሰምቼ፣ ደንግጬ፣ ክትትል እንድጀምር ሲነግሩኝ እሺ ብዬ ጠፍቻለሁ። በዚያው ሰሞን የኤች አይ ቪ ስርጭት ቁጥሮች የማይታመኑ ናቸው የሚል መጣጥፍ አሳትሜ ነበር። መጣጥፉ ተወድዶልኛል። ቁጥሩን የማይታመን ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን አልጻፍኩም።

ያን ቀን እስኪመሽ ያሰብኩትን ሁሉ ልናገር አልችልም። አንዱን ብቻ ልናገር፦ ባለቤቴ በሐሰት የበሽታ ስም ሞተች፤ እኔ ደግሞ በእውነተኛ ስሜ ልሞት ነው። ብዙ ያነበበ ሰው ለራሱ የሚያቀርበው ሰበብ አያልቅበትም። ሐኪሙ አጋኖ ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ልብ ጠንካራ ሥጋ ነው። ከሁሉም የበረታው ግን ሌላ ነው፤ እህቴ ብትሰማስ?

ጠዋት አረንጓዴ ጋውን አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ ገፉኝ። እትዬ አልማዝ እጄን ይዛ ከጎኔ ትሄዳለች። በቀዶ ጥገናው ክፍል ደጅ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ አስታማሚ ከዚያ አያልፍም። መስመሩን ካለፍኩ በኋላ ለወንድወሰን በጆሮው ልነግረው ቆርጬ ነበር። ነገር ግን ከእኔ በፊት የገባው ሰው ገና አልወጣም ተባለና አልጋዬን መስመሩ ላይ አቆሙት። እህቴ እጄን አልለቀቀችም። ወንድወሰን ጭምብሉን አንጠልጥሎ ወጣ።

“መምህር፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት? እናወልቀዋለን።”

“ሰው ሠራሽ የለኝም” አልኩ። “ሌላ ካርድ ግን አለኝ።”

“የማን ካርድ?”

“የሰይድ አሊ።”

“ሰይድ አሊ ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

ወንድወሰን አልጋዬን ወደምትገፋው ነርስ ዞረ። “ምን ሰጣችኋቸው? እኔ ገና ምንም አልሰጠኋቸውም እኮ!”

“አልተምታታብኝም” አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። “ኤች አይ ቪ አለብኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የልቤ በር ደግሞ ጠባብ ነው፤ በሰይድ ካርድ ላይ በቀይ ተጽፏል።” የክሊኒኩንም ስም ነገርኩት።

የእህቴ እጅ ከእጄ ላይ ወጣ። ወደ እሷ አልዞርኩም፤ እየፈራሁ እንደሆነ ማንም እንዲያይ አልፈለግኩም። ወንድወሰን የአልጋዬን ጎማ ቁልፍ በእግሩ ፈታና “ወደ ዋርድ መልሷቸው” አለ።

በምሳ ሰዓት ሲስተር ራሕመት ካርዱን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ራሷ መጣች። ዋርዱን በዓይኗ ቃኘችና “ጋሽ ሰይድ!” ብላ ወደ አልጋዬ መጣች። እትዬ አልማዝ ከወንበሯ ተነሣች።

“ሰይድ የአያታችን ስም ነው” አለች። “እሳቸውን በመቃብራቸው ለምን ታሳማቸዋለህ? የራስህ ስም ምን አደረገህ?”

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ወንድወሰን ካርዱን ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ተቀምጦ አነበበ። ሲጨርስ በጠመኔ የሚያስተምር ይመስል በጣቱ አየር ላይ እየሣለ አስረዳኝ። የጠበበው በር ደም በቀስታ ሲመጣ ያሳልፋል። ልብ ከቸኮለ ግን ደሙ በሩ ላይ ይጠራቀምና ውኃው ወደ ሳንባ ይመለሳል። “ቀዶ ጥገና ላይ ልብ ይቸኩላል። እኛ ደግሞ ያላወቅን ጊዜ ግፊቱ ወረደ ብለን በግሉኮስ ላይ ግሉኮስ እንጨምራለን። በገዛ ውኃዎ ውስጥ ሊሰምጡ ነበር፣ መምህር።” ካርዱን እየከደነ ጨመረ፦ “ሦስቱ ትራስ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ያደረው።” ቫይረሱ ቀዶ ጥገናውን እንደማይከለክልም ነገረኝ። የሚከለክለው አለማወቃቸው ነበር።

የትምህርት ቤቱን ምርመራ ስነግራት ሲስተር ራሕመት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ይኸውልዎ” አለች፣ “እርስዎ በሪፖርት ላይ ሁለት ሰው ነዎት። አንዱ መካነ ሰላም ላይ ተመርምሮ የጠፋ፤ አንዱ እኔ ጋ በደንብ የሚከታተል። የሚያጠኑት ሰዎች ይህን ካርድ ነው የሚቆጥሩት። መድኃኒት የትኛው ወረዳ ይግባ የሚባለውም በዚሁ ነው። የእናንተ ሰው ሁሉ እኔ ጋ በሰው ስም፣ በሰው ቀበሌ ይመዘገባል። በወረቀት ላይ መካነ ሰላም ጤነኛ ከተማ ናት። ለጤነኛ ከተማ ማን መድኃኒት ይልካል?”

በመጣጥፌ ላይ ያላሰብኩት ይህ ነበር። ቁጥሩን የተጠራጠርኩት ከሩቅ ሆኜ ነው፤ ውሸቱ ግን አግዳሚው ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር።

“እና አንዱን ልሰርዝ ነው” አለችኝ። “ማንን ልሰርዝ?”

“ሰይድን” አልኩ። “የሞተ ሰው ነው።”

“ረመዳን ላይም ጠርጥሬው ነበር” አለች እየሳቀች። “የጾም ወር ውስጥ ሆኖ ‘ለመሆኑ ስንት ቀን ነው የሚጾመው?’ ብሎ የሚጠይቅ ሰይድ አይቼ አላውቅም።”

እትዬ አልማዝ ሁለት ቀን ጠፋች። ኩታበር የባሏ እህት ስላለች እዚያ እንደሄደች ገምቻለሁ። ሰው ከጎኑ ሲያጣ ዋርድ እንዴት እንደሚሰፋ ያየሁት ያኔ ነው። የአጎራባቹ አልጋ ባለቤት ከመቅደላ በኩል የመጣ፣ እግሩ የተሰበረ ገበሬ ነበር። የሆንኩትን ሁሉ ሰምቷል፤ መጋረጃ የለንም። ሚስቱ የእሱን ትራስ ከሥሩ መዘዘችና እኔ ላይ ጣለችው። “እሱ እግሩን እንጂ ደረቱን አይደለም” አለች። አራተኛ ትራስ አገኘሁ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ከሚኒባስ ወርዳ አቧራዋን ሳታራግፍ ገባች።

“የት ነበርሽ?”

“ኩታበር ሄጄ አለቀስኩ። እዚህ ሆኜ ላለቅስብህ አልፈለግኩም።” ተቀመጠች። “ሚስትህም በዚሁ ነው የሞተችው?”

“አዎ።”

“እኔም እንደማላውቅ ሆኜ አጥቤ ገነዝኳት” አለች። “ሁላችንም ሳንባ አልን።” ከዚያ ሰዓቷን አየችና “ክኒንህ ስንት ሰዓት ነው? ከካልሲህም አውጣው፤ ይሸታል” አለችኝ።

ሁለት ወር ልብ የሚያረጋጋውን ክኒንና ትርፍ ውኃ በሽንት የሚያስወጣውን ክኒን በደንብ ወሰድኩ። ሥጋና ቅቤ በእህቴ ትእዛዝ ተከለከሉ፤ የእሷን ትእዛዝ እንደ ሐኪሞቹ አልተከራከርኩትም። ሁለተኛው ተራዬ ሲደርስ በአንድ ስምና በአንድ ወፍራም ካርድ ገባሁ። ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር ይላሉ፤ እኔ አላውቅም። ስነቃ ወንድወሰን የልብ ምቴን እየቆጠረ ነበር። አደጋው ሐሞቱ ከወጣ በኋላም ለቀናት ስለማያልፍ እስከ ሦስተኛው ቀን እየተመላለሰ አንገቴን፣ እግሬን፣ ሳንባዬን አየ። ትንፋሽ አንድ ጊዜ አጠረኝ፤ ውኃ የሚያስወጣውን መርፌ ወጋኝ፤ ተመለሰልኝ። ልባቸው እንደ እኔ የሆነ የቀዶ ጥገና ታካሚዎችን የሚመዘግብበት ደብተር አለው። “ልጻፍዎ?” አለኝ። “ጻፈኝ” አልኩ፤ “ግን አንድ ጊዜ ብቻ።”

ድኜ መካነ ሰላም ስገባ ቤቴ በጠያቂ ተሞላ። እትዬ አልማዝ ለሚጠይቃት ሁሉ “ልቡ ነው፤ ሐሞቱም ነው፤ አልሐምዱሊላህ ተርፏል” ትላለች። ክርስቲያን ናት፤ ደስ ሲላት ግን ሁልጊዜ በአያታችን ቋንቋ ነው የምታመሰግነው። ሰዉም ለልብ ታማሚ የሚገባውን ሐዘኔታ በሙሉ ሰጠኝ። ማር መጣልኝ። ልብ የተከበረ በሽታ ነው። እንድሪስም መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ዝም ብል ማንም አይጎዳም ብዬ ልቀጥል እችል ነበር። ቀይ መስመሩ ላይ የተናገርኩት ሞትን ፈርቼ ነው፤ እዚህ የሚያስፈራራኝ ሞት የለም። ስለዚህም ከባድ ሆነብኝ።

“ልብ ብቻ አይደለም” አልኩ። “ኤች አይ ቪም አለብኝ። ባለቤቴም የሞተችው በእሱ ነው። ስደብቀው ቀዶ ጥገናው ላይ ልሞት ነበር።”

ብርጭቆ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ተሰማ። አንዱ ከብቶቹ እንዳልታሰሩ ትዝ አለው። ሌላዋ ልጅ ትታ እንደመጣች ነገረችን። እንድሪስ ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ “አብሽር” አለኝና ሄደ፤ ከዚህ በላይ የሱን ጉዳይ እኔ አልናገርም።

እማማ ዘሃራ ብቻ ቀሩ። የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጃቸው ፎዚያ ከሪያድ ከተመለሰች ግማሽ ዓመት ሆኗታል። ጉንፋን ይዟታል እየተባለ ከቤት አትወጣም።

“ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?” አሉኝ።

“ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት።”

“ከምግብ በፊት ነው በኋላ?”

“ከበላሁ በኋላ ነው የምወስደው።”

“ያወፍራል?”

“አላወፈረኝም፤ አቁሞኛል።”

እጃቸውን ጭናቸው ላይ እያሻሹ ቆዩ። “የፎዚያ ጉንፋን አይደለም፣ ልጄ። ደሴ ልወስዳት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስም እየፈለግኩላት ነው፤ ወላሂ፣ ደስ የሚለኝ አጣሁ።”

“ስሟ ፎዚያ ነው፣ እማማ” አልኳቸው።

በዚያው ዓመት ማብቂያ የከተማችን ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን መስጠት ሲጀምር ሦስታችን አብረን ሄድን። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ በዋናው መንገድ። ይህን የጻፍኩትም ፎዚያ አንብባው ከፈቀደች በኋላ ነው። የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ስም ጠየቃት። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ እኔን አዩኝ።

“ፎዚያ መሐመድ” አለች፤ ቀጥላም ጸሐፊው ሳይጠይቃት የአያቷን ስም ጨመረችለት።